ታቦት የተባለው ድንጋይ

«በእጃችሁ አትንኩት!» ብላ ልጄ ስትጮህ የዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባንድ ጊዜ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ተራ ፍተሻ ነበር፤ የገብሱ ስልቻ ይፈታል፣ የዶሮው ቅርጫት ይገለጣል፣ አህያው በዱላ ይነካና ያልፋል። እሷ ያን ቃል ከተናገረች በኋላ ግን ሳጥኗን መሬት አስቀምጦ የከፈተው ጠመንጃ ያነገተ ሰው እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። ከኋላችን አንዲት ሴት «እግዚኦ!» አለች። ወንዶቹ ከራሳቸው ላይ የጠመጠሙትን ማውረድ ጀመሩ። ጫማ ያለውም ጫማውን አወለቀ። ያኔ ገባኝ። ልጄን ሊገድሉብኝ ነው፣ አልሁ በልቤ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ገበያነሽ እባላለሁ፤ ጋይንት ተወልጄ ጋይንት ያረጀሁ ሴት ነኝ። ከሦስተኛ ክፍል አውጥተው ዳሩኝ፤ ፊደሉ ግን አልጠፋኝም፣ ይኸው ያችኑ ይዤ ነው የምጽፍላችሁ። ከወለድኋቸው የቀረችልኝ ይታይሽ ብቻ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ በገብስና በባቄላ፣ በኋላም በበጎ ሰዎች እርዳታ ተምራ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ፊዚክስ ነው የምትማረው። አንዱን ዲግሪ ጨርሳ ሁለተኛውን ልትይዝ ነበር።

ለአባቷ ሙት ዓመት ስትመጣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ይዛ መጣች። ውስጡ ጥጥ አለበት፤ ጥጡ ላይ የትንሿን ጣቴን ግማሽ የምታህል ጥቁር ድንጋይ አለች። እንደ ከሰል ታብለጨልጫለች። ባንድ በኩል በመጋዝ የተቆረጠች ስለሆነች ጫፏ ልሙጥ ነው። ሽልንግ የምታህል ማግኔት ላይ ተለጥፋ ነው የተቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አልኋት።

«ሥራየ ነው፣ እማየ። የምመረቀው በሱ ነው። ካምፓስ ትቼው ብመጣ ይጠፋብኛል ብየ ፈራሁ። የእጅ ላብ እንዳይነካው ብቻ።»

የተማረ ሰው ነገር ነው ብየ ተውሁት። እንዲያውም ከአዲሱ ነጠላየ ጫፍ ቀድጄ ንጹሕ መጠቅለያ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን አገራችን ላይ መዓት ወረደ። ከሰፈራችን በላይ ካለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ታቦቱ ጠፋ። ታቦት የጠፋበት አገር ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሰው ሁሉ ሐዘን ተቀመጠ። ሴቱ መቀነቱን አጠበቀ፣ ወንዱ ጠመንጃውን ወልውሎ መንገድ ያዘ። እኔም ከእሳት ተጫጫሪ ጎረቤቴ ከእትየ ብርቄ ቤት ተቀምጬ ደረቴን ስደቃ ነው የሰነበትሁ። አርብ ጠዋት ልጄን ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና ላሳፍራት ከገበያተኛው ጋር ወደ አርብ ገበያ ስንወጣ ዳገቱ አፋፍ ላይ ጠበቁን።

ፍተሻውን የሚመራው የጎበዝ አለቃው አያ ስማቸው ነው። ባሌ ሲሞት ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ይታይሽ?» አላት፤ አሁን ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ናሙና ነው፣ አያ ስማቸው። የትምህርት ነው።»

«ናሙና በነጭ ልብስ ይጠቀለላል?»

«እንዳይቆሽሽ ብየ ነው።»

«በእጅ አይነካምሳ?»

«የእጅ ላብ ያበላሸዋል፤ ለሱ ነው።»

«እህ!» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። «ታቦት በእጅ እንደማይነካ ሌባም ያውቃል ለካ! ጎበዝ፣ ቄስ የሆነች ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ያ ሳጥኑን የከፈተው ሰውየ ግን አልሳቀም። ዓይኑን ጨፍኖ «ቆርጠውታል» አለ። «ሳላስበው አየሁት፣ ይቅር ይበለኝ። በመጋዝ ቆርጠውታል!»

ከዚያ ሕዝብ የወጣውን ድምፅ እስካሁን በጆሮየ እሰማዋለሁ። ጩኸት አይደለም፤ ሬሳ ሲወጣ የሚሰማ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የመታችኝ እትየ ብርቄ ናት። በጥፊ አለችኝና ነጠላየ ወደቀ።

«እኔ ቤት ተቀምጠሽ ደረትሽን ስትደቂ የነበረው ለዚህ ነው? ቤትሽ ደብቀሽው ኑረሽ!»

«ኧረ ብርቄ! በልጅሽ ሞት!»

«ልጄን አትጥሪ፣ በዚያ በረከሰ አፍሽ!»

ሳጥኗን ማንም አላነሣትም። ባለችበት ነጠላ ጣል አደረጉባት፤ አንዱ ዣንጥላ ዘረጋላት። ሕዝቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እየሰገደ ተደፋ። ለድንጋዩ ጥላ ተዘረጋለት፣ ለልጄ ዱላ ተነሣላት። እኛን በአህያ መጫኛ የፊጥኝ አስረው ከመንገዱ በታች ካለው አውድማ ወሰዱን። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር።

«ቀሪው የት አለ?»

ታቦቱ በሁለት ክንድ የሚያዝ ነው፤ ይሄ ደግሞ ጣት አያህልም። ስለዚህ ቆራርጣችሁ ሸጣችሁታል፣ ይሄ ቁራሹ ነው፣ ቀሪውን አምጡ። ጅራፉን የያዘው ሰው ጥያቄውን አይጨርስም፤ «ቀሪው» ይልና ያወርደዋል። ልጄ ላይ ሲያርፍ እኔ ነኝ የምጮኸው። እሷ ጥርሷን ነከሰች።

«ቀሪ የለውም!» አለች በመጨረሻ። «ሰው በምድጃ አቅልጦ የሠራው ነው። ላንታነም፣ ስትሮንቲየም፣ ማንጋኒዝ ከሚባሉ...»

«ሰማችሁ? ጠራቻቸው!» አለ አያ ስማቸው።

«ማንን?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አጋንንቶቿን ነዋ! ማንን መሰለህ፣ አክስቶቿን?»

እንደገና ሳቁ። እኔ ለምኜ ለምኜ «እባካችሁ ግለጡና እዩት! ታቦት ይመስላል? አንዴ ብቻ እዩት!» አልሁ።

«እንድናይ?» አለችኝ ብርቄ። «ዓይናችን እንዲጠፋ? አያችሁ፣ አሁንም ልታስጨርሰን ትፈልጋለች።»

መከራችን የተቆለፈው እዚህ ላይ ነው። ታቦት አለመሆኑን ለማወቅ ማየት ያስፈልጋል፤ ታቦት ነው ብሎ ያመነ ምእመን ግን ቀና ብሎ አያይም። የሚያይ ካህን ነው። የዚያ የዋሻው ቄሰ ገበዝ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት አባት፣ ማዶ ናቸውና በበቅሎ እስኪመጡ ተጠበቀ። እስኪመጡ ግን ጅራፉ አላረፈም።

አባ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሐዘኑ ፊታቸውን አክስቶታል። ሕዝቡ ጀርባውን ሰጠ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው መንገዱ ላይ ካለው ነጠላ ሥር ገቡና ብዙ ቆዩ።

ሲወጡ «ጽሕፈት የለበትም» አሉ። «መስቀልም የለበትም። ስገባ ስወጣ የማውቀው ታቦቴ ይሄ አይደለም።»

«ተመስገን!» አልሁ።

«አባታችን፣» አለ አያ ስማቸው ለስለስ ብሎ፣ «ቆርሰውት እኮ ነው። ጽሕፈቱ በቀረው በኩል ቢሆንስ? አይደለም ብለው ይገዝታሉ? ነገ ቢገኝ ይሄ ሕዝብ እርስዎን ምን ይላል?»

አባ ሕዝቡን አዩ። ጠመንጃውን አዩ። እኔን ግን አላዩኝም።

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

ጀርባየ ላይ የወረደውን ጅራፍ ረስቸዋለሁ። ይቺን ቃል ግን አልረሳኋትም።

ጅራፉ እንደገና ተነሣ፤ የልጄን ጆሮ የመታት ያኔ ነው። አያ ስማቸው ፍርዱን ሰጠ። ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ቀሪውን ካላመጣች ገደሉ ያውቃታል አለ። የኛ አገር ገደል ሰው ሲጣልበት ድምፅ እንኳን አይመልስም።

ልጄ ቀና አለች። ከጆሮዋ የሚፈሰው ደም በአንገቷ ይወርዳል። «አባ፣ እርስዎ ይስሙኝ» አለች። «ይሄ ድንጋይ ሁለት ጠባይ አለው። ሲበርደው ማግኔት ላይ ይጣበቃል፣ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። ሲሞቀው ማግኔቱን ይለቃል፣ ኤሌክትሪኩንም ይገታል። ያኔ ጠንካራ ማግኔት ካስጠጉት የተገታው መልሶ ይላላል። ሲሠራ ጥቂት ስትሮንቲየም ይጨመርበታል፤ እንደተጨመረበት መጠን ጠባዩ የሚለወጥበት ሙቀትም ይለያያል። ይሄኛው እንደኛ አገር ብርድ ሲሆን ይጣበቃል፣ እንደ ሰው ገላ ሲሞቅ ይለቃል። እሱን መለካት ነው ሥራየ። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ሲበርደው ሌላ፣ ሲሞቀው ሌላ!» አለ አያ ስማቸው። «ይሄስ ያንች ጠባይ ነው። ቤተሰብ ናችሁ።»

ሳቁ ሲበርድ እኔ ተናገርሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«አባ፣ ታቦት የነካች ሴት ምን ትሆናለች?»

«ትቀሰፋለች።»

«ሰንብታ ነው ወይስ ወዲያው?»

«ዖዛ ታቦቱን ሊይዝ እጁን ቢዘረጋ እዚያው ነው የወደቀ።»

«እንግዲያስ ልንካው።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ባዶ እጄን ልጨብጠው» አልሁ። «ከወደቅሁ ታቦት ነው፤ ልጄንም የፈለጋችሁትን አድርጓት። ካልወደቅሁ ድንጋይ ነው፤ ትለቋታላችሁ። እርስዎ ይፍረዱ፣ አባ። ይሄን እንኳ ይፍረዱ።»

አያ ስማቸው አባን አየ፤ አባ «ይሁን» አሉ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ የሄድሁት ልሞት ነው። ልጄ ትዋሻለች ብየ አይደለም፤ ሰው አታሏት፣ የተቆረሰ ታቦት መሆኑን ሳታውቅ ሰጥተዋት ይሆናል ብየ ነው። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ የገዛ ልጅን ቃል እንኳ ያስጠረጥራል። እኔ ስወድቅ ምናልባት ልባቸው ራርቶ እሷን ይተዋት ይሆናል፣ ይሄን ብቻ ነው ያሰብሁ።

እጄን ፈቱልኝና ወደ መንገዱ አወጡኝ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ጎተቱ። ነጠላውን ገለጥሁ፤ «እመቤቴ ማርያም፣ አደራሽን» አልሁና ድንጋዩን ከነማግኔቱ ጨበጥሁት። በጥላው ሥር ስለዋለ ቀዝቃዛ ነበር። ብርዱ እስከ ክርኔ የገባ መሰለኝ።

አልወደቅሁም።

«አትልቀቂው!» አለ አያ ስማቸው። «ዘግየት ብሎ እንደሆን እናያለን። ወደ አውድማው ውረጂና መሐሉ ላይ ቁሚ።»

ቆምሁ። ሕዝቡ ጭዱ ላይ ዙሪያየን ተቀመጠ፤ እንደ ተዝካር። ከፊሉ የስንቁን ቆሎ አወጣ። የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ።

«ከንፈሯ ጠቆረ፤ አላያችሁም?»

«ቆይ እስቲ፣ ከእግር ነው የሚጀምር።»

«እኔ ገበያው አለፈኝ፤ ገብሴን ሳልሸጥ ልመለስ ነው።»

«ተቀመጥ ባክህ! ገበያው በየአርቡ አለ። ይሄ የት ይገኛል?»

«ተንቀጠቀጠች! ይኸው ተንቀጠቀጠች!»

እውነት ነው፣ እንቀጠቀጥ ነበር። ላቤ በጀርባየ ቁስል ላይ ሲወርድ ያቃጥለኛል። ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። እጄ መሞቅ ሲጀምር፣ የጨበጥሁት ነገር መዳፌ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ድንጋዩ ከማግኔቱ ተላቆ ሸርተት አለ፤ እንደ ሕይወት ያለው ነገር።

በቃ፣ አልሁ። መጣ። ጣቶቼ ሊከፈቱ ደረሱ። ብከፍታቸው ልጄ አለቀላት። ፊቴ ቢለወጥም አለቀላት፤ ያ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው አንድ ምልክት ነውና።

ይታይሽ አይታኛለች። ታስራ ከተጋደመችበት በለሆሳስ «እማየ፣ ለቀቀ አይደል? አትፍሪ። እጅሽ ነው ያሞቀው። ሲሞቅ ይለቃል አላልሁም?» አለችኝ።

«ምን ተባባላችሁ?» አለ አያ ስማቸው።

«እየጸለየችልኝ ነው» አልሁ።

እንዲህ ስል ልቤ ባንዴ ረጋ። ይለቃል ያለችው ነገር ለቀቀ። ሲሞቅ አለች፣ ሞቀ፣ ለቀቀ። ላንታነሙን አላውቀው፣ ኤሌክትሪኩን አላውቀው፣ ይሄን ግን በገዛ መዳፌ አወቅሁት። ታቦት አልነበረም። ልጄ የምትናገረውን ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ቀጥ ብየ ቆምሁ። መንቀጥቀጤም ተወኝ። ሰዉ ቆሎውን ጨርሶ እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። ሞቴ አሰለቻቸው መሰለኝ።

አባ ተነሡ። «በቃ» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ወጥቷል። «አልተቀሰፈችም። ፍቱአቸው። አልፈታም ያለ በቃለ እግዚአብሔር ይገዘት።»

ግዝቱን ገና እንደመጡ ቢያወርዱት ኖሮ የልጄ ጆሮ ይተርፍ ነበር። አልተናገርኋቸውም። እጃቸውንም አልተሳለምሁ።

አያ ስማቸው መጣና መዳፌን ፈልቅቆ ድንጋዩን ወሰደ። አሁን በባዶ እጁ ነው። አገላብጦ አየው፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው፣ አሸተተው። «ድንጋይ ከሆነማ ድንጋይ ነው» አለና ጠፍጣፋ አለት ላይ አስቀምጦ በመጥረቢያ ጀርባ መታው። አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። ጥቁር ዱቄት ሆነ።

ጅራፍ ሲወርድባት ያላለቀሰች ልጄ ያኔ ጮኸች። «ኧረ በእመቤቴ! ኧረ አያ ስማቸው!» እያለች በግንባሯ ተደፍታ ስብርባሪውን በጥፍሯ ከአለቱ ስንጥቅ ትለቅም ጀመር።

«እዩዋት፣ ከእናቷ ይልቅ ለድንጋዩ ታለቅሳለች» አለ አንዱ።

«ባሌ ገብሱን ሳይሸጥ ዋለ፣ በናንተ ጦስ» አለችን ብርቄ አህያዋን እየነዳች። አንድም ሰው ይቅርታ አላለንም። ዳገቱን ስንወጣ ከኋላችን ጠጠር ወረወሩብን፤ ዞር ብየ ማን እንደሆነ አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም።

ከአርብ ገበያ በላይ አንድ የጭነት አይሱዙ ቆመልን። ሾፌሩ ፊታችንን አየና «ምን ሆናችሁ?» አለ።

«ወድቀን ነው፣ ወንድሜ።»

«ሁለታችሁም ባንድ ገደል?» አለ። ሌላ አልጠየቀም። በሩን ከፈተና ከጎኑ አስቀመጠን፤ ውኃውንም ሰጠን።

ከዚያ ወዲህ አገሬ አልተመለስሁም። ቤቴን ወንድሜ ዘጋልኝ፣ መሬቴን ሌላ ሰው ያርሰዋል። ልጄ ባንድ ጆሮዋ አትሰማም። ሥራዋን በሌላ ድንጋይ እንደገና ጀምራለች፤ መምህሯ ሲሰማ አለቀሰ ብላኛለች። ታቦቱ ተገኘ ሲሉ እስካሁን አልሰማሁም። እኔም ለታቦቱ አለቅሳለሁ፤ የመቱኝ ሰዎች ታቦቴን ከልቤ አላወጡብኝም። ደግሞ ልንገራችሁ፣ እነዚያ ሰዎች ክፉ ሆነው አልተፈጠሩም። ስታመም ውኃ የቀዱልኝ፣ የባሌን ሬሳ የተሸከሙልኝ ናቸው። በዚያ ቀን የተያዘችው የብርቄ ልጅ ብትሆን ኖሮ እኔስ ምን አደርግ ነበር? ይሄን ጥያቄ ልመልሰው አልቻልሁም። አሁን መንገድ ላይ «ሌባ!» የሚል ጩኸት ስሰማ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔ እቆማለሁ። የሚሮጠውንም ክንዱን ይዤ «አይተሃል?» እለዋለሁ። የሚሰድበኝ አለ። ቆም የሚልም አለ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ከኔ የምትይዙልኝ ይሄን ብቻ ነው።

ያን ቀን ደብረ ታቦር እኅቴ ደጅ ስንደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። እኅቴ በሩን ከፍታ ስታየን እሪ ልትል ነበር፤ አፏን በእጄ ያዝሁት። ገባን። መቀርቀሪያውን ራሴ አስገባሁ፣ ገፋ አድርጌም ሞከርሁት። ይታይሽ መደቡ ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች።

«ይመጣሉ፣ እማየ?»

«አይመጡም» አልኋት። «እዚህ ማንም አይነካሽም። ተርፈናል፣ ልጄ።»

ተርፈን ነበር።